በቆሰለው ወታደር ቤት

የአገራችን ሰው ለመሳለም ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ሽቅብ ነው። ግሸን ማርያምን የወጣ ወይም ደብረ ዳሞን በጠፍር ተስቦ የደረሰ ሰው እንደሚያውቀው፥ የተቀደሰ ቦታ ሲባል ወዲያው በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው አምባና ገደል ነው። ስለዚህ በእስፓኝ አገር ሰሜን፥ በባስኮች ምድር፥ ሎዮላ የሚባለውን የተሳላሚዎች ቦታ ለማየት በሄድኩ ጊዜ በመጀመሪያ ያስደነቀኝ ዝቅ ማለቱ ነው። ኡሮላ የሚባለው ወንዝ በሸለቆ ውስጥ ይወርዳል፤ ከወንዙ ዳር ሜዳ አለ፤ ከሜዳው በላይ ኢዛራይትስ የተባለው የድንጋይ ተራራ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይመለከታል። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ተራራውን ትቶ አስፔይትያና አስኮይትያ በሚባሉት በሁለት ትንንሽ ከተሞች መካከል፥ ከታች ከሜዳው ላይ ተቀምጧል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ቦታውን ለቅድስና ብሎ የመረጠው ሰው የለም፤ ሰውዬው የተወለደበት ቤት እዚያ ስለ ነበረ ብቻ ነው።

ሰውዬው ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ነው። በታሪክ መጻሕፍታችን ኢየሱሳውያን እየተባለ የሚጠራውን የካቶሊካውያን ማኅበር ያቋቋመ እርሱ ነው። ይህን ስም የሚያነብ ኢትዮጵያዊ በሐሳቡ ወደ እስፓኝ አይሄድም፤ ወደ ደንቀዝ፥ ወደ ጎርጎራ፥ ወደ ፍሬሞና፥ አፄ ሱስንዮስ ሃይማኖታቸውን ለውጠው አገር በደም ወደ ታጠበበት ዘመን ይሄዳል እንጂ። እኔም የተወለድኩት ከጎንደር ወጣ ብሎ፥ ከደንቀዝ ፍርስራሽ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ስለ ሆነ ይህን ነገር ያወቅሁት ከመጽሐፍ በፊት ከአያቴ ነው። አያቴ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ነበሩ፤ የሱስንዮስን ዘመን ግን ትናንት በጎረቤት እንደ ተፈጸመ ነገር አድርገው ያወሩት ነበር። ስለ ጣልያን ወረራና ስለ ሱስንዮስ ሲናገሩ የትኛው እንደሚቀድም ለይቶ ማወቅ ያስቸግር ነበር። በርሳቸው ዘንድ ሁለቱም አንድ ነገር ናቸው፤ ፈረንጅ በመጽሐፍ ወይም በመድፍ መጣ፤ አገር ተናወጠ፤ ፈረንጅ ሄደ።

ወደ እስፓኝ የሄድኩት ግን ለመሳለም አልነበረም። መሥሪያ ቤቴ ለአራት ሳምንት ትምህርት ወደ ቢልባዎ ከተማ ልኮኝ ነበር። ከአስተማሪዎቻችን አንዱ፥ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፥ ከኢትዮጵያ መምጣቴን በሰሙ ጊዜ ‹‹እንግዲያውስ ሎዮላን ሳታይ አትመለስ፤ በዚያ ቤት የተወለደው ሰው ለንጉሣችሁ ደብዳቤ ጽፎ ነበር›› አሉኝ። ደብዳቤ መጻፉን ከትምህርት ቤት አስታውሳለሁ። ዳሩ ግን ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ቤት እንደ ነበረው፥ በቤቱም ውስጥ ማድ ቤትና ደረጃ እንደሚገኝ እስከዚያች ቀን ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። የታሪክ ሰዎች ለኛ ቤት የላቸውም፤ ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ ናቸው። በሚቀጥለው እሑድ በአውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ፥ ሌላ ካላልኩ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የምጽፈው ነገሩ የነርሱም የኛም ስለ ሆነና ሁለቱን መደባለቅ ስላልወደድኩ ነው።)

ከሩቅ የሚታየው ጉልላቱ ነው፤ ቁመቱ 65 ሜትር ያህል ነው ይባላል። የሕንፃውን ንድፍ ያወጣው በሮማ ይሠራ የነበረው ካርሎ ፎንታና ሲሆን፥ ሥራው በ1689 ተጀምሮ ቤተ ክርስቲያኑ በ1738 ተመርቋል። ከውስጥ ሲገቡ ክብ ነው። ክብ ቤተ ክርስቲያን ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለምና ለጊዜው አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ነገር ግን ልዩነቱ ቆይቶ ገባኝ። የኛ ክብ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱን በመካከል ሰውሮ ሕዝቡን በዙሪያው ያቆማል፤ የነርሱ ግን መካከሉን ባዶ ትቶ ለብርሃን ሰጥቶታል፤ መንበሩ ከወዲያ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ በልዩ ልዩ ቀለም ዕብነ በረድ ተሸልሟል። በመንበሩ ላይ የቆመው የኢግናጥዮስ ሐውልት ከብር የተሠራ ነው፤ ያበረከተውም ከካራካስ ጋር ይነግድ የነበረው የአገሩ ኩባንያ ነው። እውነቱን ለመናገር ለኔ ጌጡ በዛብኝ። ለምኖ ይበላ ለነበረ ሰው የብር ሐውልት ማቆም በየአገሩ የተለመደ መሆኑን ባውቅም፥ ዓይኔ ቶሎ ደከመና ወደ ጎን ወጣሁ።

የመጣሁበት ነገር ከጎን ነበር። ይህ ሁሉ ታላቅ ሕንፃ የተሠራው በአንድ አሮጌ ቤት ዙሪያ ነው። በ17ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ የእስፓኝ ንግሥት የነበረችው ማርያና ቤቱን ከባለቤቶቹ ተቀብላ ለማኅበሩ ስታስረክብ ቤቱ እንዳይፈርስ እንዳይለወጥም የሚል ግዴታ አኑራለች። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ቤቱን ሳይነኩ ገዳሙን አለበሱት። ቤቱ አራት ማዕዘን ያለው፥ ግንብ የመሰለ ነው። ታችኛው ክፍል ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሆኖ ለመተኮሻ የተተዉ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት፤ የላይኛው ደርብ ግን በሸክላ ጡብ የተሠራና በጌጥ የተለሰለሰ ነው። አንድ ቤት ለምን ሁለት መልክ ኖረው ቢባል መልሱ የመንግሥት ታሪክ ነው። በ15ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ላይ በዚያ አገር ባላባቶች እርስ በርሳቸው እየተዋጉ ሕዝቡን ቢያስጨንቁት፥ ንጉሡ 4ኛው ኤንሪኬ የባላባቶቹ ምሽጎች እንዲፈርሱ አዘዘ። የኢግናጥዮስም አያት የግንቡ አናት ፈረሰበት፤ እርሱም ከእስላሞች ጋር ይዋጋ ዘንድ ወደ ደቡብ ጠረፍ በግዞት ተላከ። ተምሮ ይሁን ተገድዶ፥ ሲመለስ የላይኛውን ክፍል በድንጋይ ሳይሆን በጡብ ሠራው፤ ምሽግ የነበረው መኖሪያ ቤት ሆነ። በበሩ ላይ ያለው የዘሩ ምልክት አሁንም ሁለት ተኩላዎችና በሰንሰለት የተሰቀለ ድስት ነው። ባላባትና ንጉሥ ሲታገሉ የኖሩበት አገር ልጅ ለሆነ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

በዚህ ቤት ውስጥ ኢግናጥዮስ፥ በልጅነት ስሙ ኢኚጎ፥ በ1491 ተወለደ፤ ከብዙ ልጆች የመጨረሻው ነበር። ያደገው ለቤተ መንግሥት አገልግሎትና ለጦር ነው። ሰይፍና ልብስ፥ ዝናና የሴት ወይዘሮ ዓይን የሚወድ ጎልማሳ እንደ ነበረ በኋላ ራሱ ተናግሯል። በ1521 በግንቦት ወር ፈረንሣዮች ፓምፕሎናን በከበቡ ጊዜ፥ ሌሎቹ ምሽጉን እንስጥ ሲሉ እንቢ ብሎ ያስጨከናቸው እርሱ ነው። የመድፍ ጥይት መጣ፤ የቀኝ እግሩን ሰበረው፤ ግራውንም አቆሰለው። ያሸነፉት ፈረንሣዮች አክብረው አከሙት፤ ከዚያም በቃሬዛ ተሸክመው ወደዚህ ወደ አባቱ ቤት አመጡት። በደጁ ላይ የቆመው ሐውልት ይህንኑ ያሳያል፤ ቁስለኛው በቃሬዛ ላይ ተንጋሎ፥ ሰዎች ተሸክመውት።

አጥንቱ ግን በደንብ አልተጋጠመም ነበርና እንደገና መሰበር አስፈለገ። ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይገምት። በሰኔ ወር መጨረሻ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዋዜማ ሊሞት ደርሶ ተረፈ። ከዚያም በኋላ ከጉልበቱ በታች አንድ አጥንት ወጣ ብሎ ቀረ። እግሩም አጠረ። የሚወደው ዓይነት ጠባብ ቦቲ ጫማ እንደማያስገባው ባየ ጊዜ፥ ይህን አጥንት በመጋዝ ቁረጡልኝ አለ። ቆረጡለት። እግሩንም ለማስረዘም በልዩ ልዩ መሣሪያ ለብዙ ቀን ሳቡት። ይህን ሁሉ የታገሠው ለእግዚአብሔር ብሎ አልነበረም፤ ለመልኩ ብሎ ነው እንጂ። የቅዱሳንን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር ይደብቃሉ፤ ይህንን ግን የነገረን እርሱ ራሱ ስለ ሆነ መደበቅ አልተቻለም።

እዚህ ላይ ስለ ታላቅ ወንድሜ አንዳንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. በሰሜን ጦር ግንባር በነበረው ጦርነት ቆስሎ ሲመለስ ዕድሜው ሃያ አንድ ነበር፤ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራው። ሆስፒታል ተኝቶ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን አጥንቱ ጠሞ ገጥሞ ስለ ነበረ አባቴ ወጌሻ አስመጣ። ወጌሻው እጁን በቅቤ አሽቶ እግሩን ሲዳስስ ወንድሜ የነከሰው ነጠላ እስከ ዛሬ ድረስ በእናቴ ሣጥን ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ እግሩ በቀርከሃ ታስሮ ሰባት ወር በጓዳ ተኛ። በቤታችን የነበሩት መጻሕፍት ዳዊትና ተአምረ ማርያም፥ ከነርሱም ሌላ የኔ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ብቻ ነበሩ። ወንድሜ ይወድ የነበረው ልብ ወለድ ነው፤ የወንበዴና የፍቅር ታሪክ። እርሱ ስላልተገኘ በየማታው በኩራዝ ዳዊት አነብለት ነበር። ሲሰማ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው። ምን ያስብ እንደ ነበረ አልነገረኝም።

እንግዲህ በሎዮላ ግንብ የላይኛው ደርብ ላይ ባለው ክፍል ቆሜ የሰማሁት ታሪክ ይህንኑ የሚመስል ነበር። ኢኚጎም በአልጋው ላይ ሳለ የፈረሰኞችን ጀብዱ የሚተርክ መጽሐፍ ስጡኝ አለ። በቤቱ አልተገኘም። የወንድሙ ሚስት ማግዳሌና የነበራትን አመጣችለት፤ አንዱ የክርስቶስ ሕይወት፥ ሁለተኛው የቅዱሳን ገድል ነበረ። እያነበበ አንዳንድ ጊዜ መጽሐፉን አስቀምጦ ስለ አንዲት ታላቅ ወይዘሮ ያልማል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እነ ቅዱስ ፍራንቸስኮና እነ ቅዱስ ዶሚኒኮስ ያደረጉትን እኔስ ባደርገው እያለ ያስባል። ሁለቱም ሐሳብ ሲመጣ ደስ ያሰኘው ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለ፤ የመጀመሪያው ሐሳብ ሲሄድ ልቡን ደረቅና ባዶ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ግን ከሄደም በኋላ ደስታው ይቆያል። ከዚህች ከትንሽ ማስተዋል ተነሥቶ ነው መንፈሳዊ ሥራ የሚባለውን፥ በ1548 በሮማ ፓፓ የጸደቀውን መጽሐፉን የደረሰው። ሐሳብህን በሚመጣበት ጊዜ ሳይሆን በሄደ ጊዜ መርምረው ማለት ሃይማኖት ለማይለይ ሰው ሁሉ የሚሆን ምክር ይመስለኛል።

ክፍሉ ዛሬ ጸሎት ቤት ነው። በቀድሞው አልጋ አቅራቢያ የቁስለኛው ምስል መጽሐፍ ይዞ ወደ ላይ እየተመለከተ ተቀምጧል፤ ከላይ በግንዱ ላይ ኢኚጎ ዘሎዮላ በዚህ ቦታ ራሱን ለእግዚአብሔር ሰጠ የሚል ቃል ተጽፏል። ተሳላሚዎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ይገባሉ። ጫማቸው ጭቃ የነካው፥ ሻንጣ በጀርባቸው ያዘሉ ወጣቶች አጋጠሙኝ። ከዚህ ተነሥተው ኢግናጥዮስ በ1522 በሄደበት መንገድ እስከ ማንሬሳ ድረስ፥ 650 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን በሃያ ሰባት ቀን በእግር ሊሄዱት ነው። የቆሰለበትን 500ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ከ2021 እስከ 2022 በተከበረው በዓል ብዙ ሰው እንዲህ ሄዷል ይባላል፤ ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1982 እዚህ መጥተው ነበር። ከወጣቶቹ ይልቅ ዓይኔን የሳበችው ግን በምርኩዝ የምትሄድ አንዲት ባልቴት ናት። ከግንዱ ሥር ቆማ እግሯን ታሽ ነበር። ስትጸልይ አላየኋትም፤ ምናልባት የመጣችው የርሷን ሕመም የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ይሆናል።

እኔ ግን ያን ጊዜ የማስበው ስለ ደብዳቤው ነበር። ቁስለኛው ከተነሣ በኋላ ያደረገውን ባጭሩ ልናገርና ወደርሱ ልመለስ። ልብሱን ለለማኝ፥ ሰይፉን በሞንሴራት ለእመቤታችን ሰጠ፤ በማንሬሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ በጾምና በጸሎት ኖረ፤ በ1523 ኢየሩሳሌምን ተሳለመ። ከዚያ ተመልሶ፥ ዕድሜው ከሠላሳ ካለፈ በኋላ፥ በባርሴሎና ከሕፃናት ጋር የላቲን ሰዋስው ተማረ። (ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ ሥራ ይዘው፥ እንግዲህ ለትምህርት ጊዜው አልፏል ለሚሉ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ሳልነግር አልቀረሁም።) በ1534 በፓሪስ ከስድስት ጓደኞቹ ጋር ስእለት ተሳለ፤ በ1540 ፓፓ ጳውሎስ 3ኛ ማኅበሩን አጸደቁለት። እስከ ዕለተ ሞቱ፥ እስከ 1556፥ በሮማ ሆኖ ማኅበሩን በደብዳቤ ይመራ ነበር። የጻፋቸው ደብዳቤዎች በብዙ ሺህ ይቈጠራሉ። እንግዲህ ወታደሩ በመጨረሻ የጽሕፈት ቤት ሰው ሆነ ማለት ነው፤ እኔም በመዝገብ ቤት ያደግሁ ሰው ስለ ሆንኩ ይህ ነገር ከብሩ ሐውልት ይልቅ ወደርሱ አቀረበኝ።

ኢትዮጵያ በርሱ ልብ ውስጥ የነበራት ቦታ ቀላል አልነበረም። በ1546 ለፖርቱጋል ንጉሥ ለ3ኛው ዮሐንስ ሲጽፍ፥ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ሌላ ሰው ባይገኝ ጓደኞቹ ካልከለከሉት ራሱ እንደሚሄድ ገልጿል። አንካሳና በሽተኛ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። በየካቲት 1555 ደግሞ ለአፄ ገላውዴዎስ ያን ደብዳቤ ጻፈ። ቃሉ በአክብሮት የተሞላ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ቤተ ክርስቲያን አንዲት ናት፥ ራሷም የሮማው ፓፓ ናቸው፥ ስለዚህ ከእስክንድርያ ይልቅ ወደ ሮማ ተመልከቱ የሚል ነው። በዚያው በ1555 አፄ ገላውዴዎስ የሃይማኖታቸውን መግለጫ ጽፈዋል፤ ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም፥ ግዝረትም የአገር ልማድ ነው እንጂ የሕግ ሥርዓት አይደለም ብለው በእርጋታ ያስረዱበት ነው። እንዲህ ባለ ሙግት ሁለቱ ተገናኝተው ፊት ለፊት ቢነጋገሩ ኖሮ ደስ የሚል ጉባኤ ይሆን ነበር። ግን አንዱ በሮማ ከአንድ ዓመት በኋላ ዐረፈ፤ ሌላው በ1559 ከሐረሩ ከኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ።

ለኔ ከደብዳቤው ይልቅ የሚያስገርመው፥ ኢግናጥዮስ ለኢትዮጵያ ፓትርያርክ ተብሎ ለተሾመው ለዮሐንስ ኑኔስ ባሬቶ የጻፈለት መመሪያ ነው። ቀስ በል ይለዋል። በጣፋጭ ቃል እንጂ በግድ አትሂድ፤ የለመዱትን ሥርዓት ባንድ ጊዜ አትንቀል፤ ትምህርት ቤት ክፈት፤ ሆስፒታል ሥራ፤ ምጽዋትን አስቀድም። በመጨረሻም ይህ ሁሉ ምክር ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፥ በቦታው ሆነህ ማስተዋልህ የሚያዝህን አድርግ ይላል። መመሪያ ሲጽፍና ሲቀበል የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ በልቡ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ሁልጊዜ መልካም ነው፤ በቀበሌ ደርሶ ምን እንደሚሆን ግን የሚያውቀው የቀበሌው ሰው ነው። ሆኖም ለኢግናጥዮስ ጠበቃ መሆን አልፈልግም። መንገዱ ለስላሳ ነበር እንጂ ግቡ ያው ነበር፤ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ያላትን ሕዝብ ቤተ ክርስቲያንህ ጎደሎ ናት ማለት በማር ተለውሶ ቢቀርብም ያው መራራ ነው።

ባሬቶ ኢትዮጵያ ሳይደርስ ቀረ። በ1557 የደረሰው አንድሬስ ዴ ኦቪዬዶ በአድዋ አቅራቢያ በፍሬሞና ተወስኖ በ1577 በድህነት ሞተ። በ1603 የገባው ጴድሮ ፓኤዝ ግን መመሪያውን የፈጸመ ሰው ነው፤ ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ ሰውን በትዕግሥትና በወዳጅነት ሳበ። በ1618 ግሽ ዓባይን ያየና የጻፈ እርሱ ነው። በ1622 በመጋቢት ወር ኢግናጥዮስ በሮማ ቅዱስ ተብሎ ሲታወጅ፥ በግንቦት ፓኤዝ በኢትዮጵያ ሞተ፤ አፄ ሱስንዮስም በዚያው ዓመት የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን በግልጥ አሳወቁ። ከዚያ በኋላ አፎንሶ ሜንዴስ መጣ፤ በ1626 በደንቀዝ ለሮማው ፓፓ የመገዛት መሐላ ተፈጸመ። የተጠመቀውን ዳግመኛ ማጥመቅ፥ ቄሱን ዳግመኛ መሾም፥ ግዝረትንና ቅዳሜን መከልከል፥ በዓላትን ማፋለስ ተጀመረ። መመሪያው ቀስ በል ያለውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አደረገው። ያገሬ ገበሬ ከላስታ እስከ ጎጃም ተነሣ፤ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። በ1632 ሱስንዮስ የገደሉት ሕዝብ የራሳቸው መሆኑን አይተው ሃይማኖቱ እንዲመለስ አወጁ፤ ለልጃቸው ለፋሲል ዙፋኑን ለቀው በዚያው ዓመት ሞቱ። ፋሲልም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። አያቴ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያውቁት የመጨረሻውን ነበር፤ ስለ መመሪያው ቢሰሙ ኖሮ ምን ይሉ እንደ ነበረ ግን አላጣውም። ‹‹ታዲያ ለምን አልመጣም እሱው ራሱ?›› ይሉ ነበር።

አስገራሚው ነገር ማኅበሩን ያስወጣ ፋሲል ብቻ አለመሆኑ ነው። መነኮሳቱን የላከችው ፖርቱጋል ራሷ በ1759 አባረረቻቸው፤ በ1767 እስፓኝ ተከተለች፤ በ1773 ፓፓው ማኅበሩን ዘጉት፤ እንደገና የተከፈተው በ1814 ነው። ይኸው የሎዮላ ሕንፃ እንኳ ክንፎቹ ሳያልቁ ባዶ ቀርቶ፥ ሙሉ በሙሉ የተፈጸመው በ1888 ነው። ወደኛም አገር እንደገና የገቡት ተጠርተው ነው። በ1945 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያንን በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት እንዲያስተምሩ አደረጉ፤ ማንንም ወደ ሃይማኖታቸው ላይስቡ፥ ልብሰ ክህነትም ላይለብሱ ነበር ስምምነቱ። በ1950 የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መጀመሪያ የመራው ከነርሱ አንዱ፥ ዶክተር ሉሲየን ማት ነው። በክራቫት የተማሩትና ያስተማሩት እነዚህ ሰዎች ያንን የ1555 መመሪያ ትምህርት ቤት ክፈት ከሚለው ላይ አቁመው የቀረውን የተዉት ይመስለኛል። ለአራት መቶ ዓመት የዘገየ መልካም ደብዳቤ ነው። ከነርሱ እጅ የወጡት ተማሪዎች በየመሥሪያ ቤቱ የኔን አለቆች አለቆች ያሠለጠኑ ናቸው፤ ስለዚህ እኔም ሳላውቀው በዚያ ቤት ትንሽ ዕዳ ነበረብኝ።

ከግንቡ ወጥቼ በደጁ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ለወንድሜ ስልክ ደወልኩ። እርሱ ዛሬ በጎንደር ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን የሚረግጠው በደኅናው እግሩ ነው። ከአልጋው ሲነሣ ማኅበር አላቋቋመም፤ ዳዊቱንም እኔ ከሄድኩ ወዲህ ማን እንደሚያነብለት አላውቅም። የቆሰለውን ወታደር ታሪክ እስከ መጨረሻው በዝምታ ሰማኝ። ስለ መድፉ፥ ስለ አጥንቱ፥ ስለ መጋዙ፥ ስለ መጻሕፍቱ ነገርኩት። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤

‹‹እግሩስ ቀና?››

‹‹አልቀናም፥ ጋሼ። እስኪሞት ያነክስ ነበር።››

‹‹እህ›› አለ፤ ትንሽ ቆይቶም ‹‹እንግዲያው ሐኪሞቹ ያው ናቸው›› ብሎ ሳቀ። ስለ ሱስንዮስ አላነሣሁበትም።

ማታ ወደ ቢልባዎ ከመመለሴ በፊት አስፔይትያ ገብቼ ማግዳሌና የሚባለውን የድሆች ማረፊያ አየሁ። ሰው ሁሉ ግንቡን ያያል፤ ወደዚህ የሚመጣ ግን ጥቂት ነው። ኢግናጥዮስ በ1535 ታሞ ለጥቂት ወራት ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ያደረው እዚህ ነው። የሎዮላ ጌታ የነበረው ወንድሙ ወደ ቤትህ ግባ እያለ ቢለምነው እንቢ ብሎ ከድሆች ጋር ተኛ፤ እንጀራውንም ለምኖ በላ። ሕፃናትን አስተምራለሁ ቢል ወንድሙ ማንም አይመጣልህም አለው፤ አንድ ሕፃን ይበቃኛል ብሎ መለሰ። ከከተማው ሰዎች ጋር መክሮም ለድሆች በየጊዜው የሚሰጥ እርዳታ አሠራ። ይህ ከግንቡም ከጉልላቱም ይልቅ ልቤን ያዘው።

ሲሄድ ከፓሪስ ጓደኞቹ ገዝተው የሰጡትን አንድ ትንሽ ፈረስ፥ የተቀመጠበትን፥ ለድሆቹ ማረፊያ ትቶ በእግሩ ወጣ። በ1552፥ ከ16 ዓመት በላይ ቆይቶ፥ ከማኅበሩ አንዱ ወደ አስፔይትያ ሄዶ ለኢግናጥዮስ ወደ ሮማ ደብዳቤ ጻፈለት። ፈረሱ አለ፤ ሠብቷል፤ እስካሁንም ለማረፊያው እንጨትና እህል ያመላልሳል አለው። በከተማውም እጅግ የተከበረ ነው፤ ወደ ሰው አዝመራ ገብቶ ሲግጥ እንኳ ባለ እርሻዎቹ አይተው እንዳላዩ ያልፉታል።